የዶርዜ ቤትና ግራስሆፐር፦ ዲጂታል ዲዛይንን ለመመረቂያ ልያዘው?

የሲቀላ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክቸር 5ኛ ዓመት ነኝ። የምማረው አዲስ አበባ ነው፤ ያደግኩት ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። የመመረቂያ ርዕስ ለማስገባት አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። እስካሁን አልወሰንኩም። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንዲት ጓደኛዬ የባኩውን የሄይዳር አሊየቭ ማዕከል ፎቶ አሳየችኝ። የአርክቴክቷ የዛሃ ሀዲድ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው። መሬቱ ተነሥቶ ግድግዳ ይሆናል። ግድግዳው ታጥፎ ጣሪያ ይሆናል። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያው ሳምንት ራይኖ የሚባለውን የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ራሴን ማስተማር ጀመርኩ፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን ግራስሆፐርን። ለማታውቁት፦ ግራስሆፐር ላይ ቅርጹን አትስሉትም። ቅርጹ የሚወጣበትን ሕግ ነው የምትሠሩት። አንዷን ቁጥር ስትነኩ ከሷ ጋር የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይቀየራል። 200 ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ቢሆን 200ውን አንድ በአንድ አትነኩም።

ባለፈው ዓመት የስቱዲዮ ፕሮጀክቴን በዚህ ሠራሁት። ቤተ መጻሕፍት ነበር። ጣሪያው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ እንደ ነጠላ ጫፍ ወደ ሌላው ጥግ ይወርዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን መብራት ሲጠፋ ተኝቼ፣ ሌሊት ሲመጣ ሬንደር እያደረግኩ ጨረስኩት። ጁሪ (የሥራ ግምገማ) ላይ አንድ መምህር ሥራዬን ዝም ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ይህን ማን ይሠራዋል?»

መልስ አልነበረኝም። አባቴ አናጺ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ካሳፎርማ ሲመታ የኖረ ሰው። ለእሱ እንኳ ያን ጣሪያ እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም ነበር። ውጤቴ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ክረምት ቤት ስሄድ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። ቤቶቹን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ ግን እንደ አርክቴክት አይቻቸው አላውቅም። በሩ ላይ ወጣ ያለው ክፍል ቤቱን የዝሆን ፊት ያስመስለዋል። ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጉንጉን ነው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ አለ። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ሰው ይኖርበታል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ዕድሜው ገና ሲሠራ የታሰበበት ቤት ነው።

አንድ አዛውንት ሲሠሩ ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥዕል የላቸውም። መሬት ላይ አንድ ችካል ተከሉ፣ ገመድ አሰሩበት፣ ዞሩ። ክቡ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እጃቸው ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያየሁትን ግራስሆፐር ላይ ልሥራው ብዬ ተቀመጥኩ። ክብ፣ ቋሚ ስንጥቆች፣ አግዳሚ ጉንጉን። ቀላል መስሎኝ ነበር። የወጣልኝ ግን እንቁላል ነው። የዶርዜ ቤት አይደለም። አሥር ጊዜ ቁጥር ቀያየርኩ፣ አሁንም እንቁላል። አንድ ማታ በስልኬ ያነሣሁትን ቪዲዮ ደግሜ ሳይ ገባኝ። የቀርከሃ ስንጥቅ ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ ቀጭን ነው። ስለዚህ ከታች ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከላይ ነው የሚጎብጠው። የኔ የኮምፒውተር መስመር ግን ውፍረት የለውም። ሁሉም ቦታ እኩል ይታጠፋል። ቅርጹን የሠራው ቀርከሃው ራሱ ነው። እኔ ቀርከሃውን አላስገባሁትም።

አሁን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሲቀላ ላይ ሙዝና ማንጎ ለሚሸጡ እናቶች የገበያ ጥላ። ቀርከሃው ከጨንቻ ይመጣል፣ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ጉንጉኑን የዶርዜ ሰዎች ይሠሩታል፣ ቅርጹን በዲጂታል መንገድ እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «ለሥራ ፍለጋ አይጠቅምሽም፣ ጂ+12 ሆቴል ሥሪና በሬቪት (በተለመደው የሕንፃ ሥዕል ሶፍትዌር) ጨርሺው» ይሉኛል። ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። ይህ ነገር ቢሮ ውስጥ ዋጋ አለው? ደግሞስ ቀርከሃን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዴት ነው የማስገባው?

---

ባለ ስኬል፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢሮ ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ።

ስለ ሥራው ቀጥታ ልንገርሽ። ሲቀጥሩሽ የሚጠይቁሽ አውቶካድ፣ ሬቪት ወይም አርኪካድ ነው። የፈቃድ ሥዕል፣ የበርና መስኮት ዝርዝር፣ የደረጃ ዲቴል። ይህን ሳትችዪ አትመረቂ። ሬቪት ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ተማሪው። ግራስሆፐር ስለምትችዪ ብቻ ግን ማንም አይቀጥርሽም። ችሎታው የሚፈለገው አንድ ቀን በድንገት ነው። ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ቢሮው ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ለእኔ ቀኑ የመጣው በአንድ የሕንፃ ፊት ላይ ነው። ደንበኛው ጎበጥ ያለ ፊት ፈለገ። ዲዛይኑን የሠራው ልጅ ቆንጆ አድርጎ ሠራው፣ 340 የአሉሚኒየም ፓነል። ፓነሉን ወደሚሠራው ሰው ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ሥዕሉን እንኳ በደንብ አላየውም። «ስንት ዓይነት ነው?» አለኝ። ቆጠርኩ። 340 ዓይነት ነው። አንዱ ከሌላው በሁለት ሚሊ፣ በሦስት ሚሊ ይለያል። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ቢሮ ተመልሼ ያን ሳምንት ግራስሆፐር ላይ ነው ያሳለፍኩት። ኩርባውን ትንሽ ትንሽ እያስተካከልኩ፣ መገጣጠሚያው ላይ እስከ 15 ሚሊ ክፍተት እየፈቀድኩ፣ ዓይነቱን ወደ 7 አወረድኩት። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ምንም ልዩነት የለውም። ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን «ይሠራል» አለ። ዛሬ ያ ሕንፃ ቆሟል። ግራስሆፐር ለኔ ያን ቀን ነው ትርጉም ያገኘው። ሌላው ሰው ኩርባ ለመፍጠር ይጠቀምበታል፣ እኔ 340ን 7 ለማድረግ ተጠቀምኩበት።

መምህርሽ የጠየቀሽን ጥያቄ አትጥዪው። ባኩ ላይም ያ ለስላሳ ቆዳ ዝም ብሎ አልቆመም። ከኋላው ስፔስ ፍሬም የሚባል የብረት ዘንጎች መረብ አለ፣ ከሥሩ አርማታ አለ፣ ላዩ በፋይበር የተጠናከረ ፓነል ነው። አንቺ ያየሽው ፎቶ ይህን ሁሉ ደብቆታል። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ስፔን ውስጥ የሠራው የቢልባኦ ሙዚየምም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ፣ ቢሮው የተጠቀመው ካቲያ የሚባል ለአውሮፕላን ዲዛይን የተሠራ ሶፍትዌር ነበር። የፈለጉት ቅርጹን ለብረት ሠራተኛው በትክክለኛ ልክ ማስረከብ ነው። እዚያም ቢሆን ማን ይሠራዋል የሚለው ነው ቀድሞ የተፈታው።

ከዛሃ ሀዲድ ጎን ደግሞ አርክቴክቱን ፍራንሲስ ኬሬን አስቀምጪ። ቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ የሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው ያለቀው። ግድግዳው የሸክላ አፈር ጡብ ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ለብቻው ቆሟል፣ መሃል ላይ ነፋስ ያልፋል። ቆርቆሮውን የተሸከመው ከተራ ፌሮ የተበየደ ቀጭን ብረት ነው፣ የመንደሩ ልጆች ተምረው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸሩን ትልቅ ሽልማት ፕሪትዝከርን ወሰደ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። ዘመናዊ አርክቴክቸር ሲባል ይህም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ ይሳሳተዋል። ዩቲዩብ ላይ ያለው የፀሐይ ትምህርት አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፣ ስለዚህ «ደቡቡን አጥላ» ይሉሻል። አርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ ከሰሜን ነው የምትመጣው። ጥላሽ ደቡብ ደቡቡን ብቻ ከተከላከለ እናቶቹ አምስት ወር ያህል ሙዛቸው ፀሐይ ላይ ነው። የፀሐይን መንገድ የሚያሳየውን ሌዲበግ የሚባል ነፃ ማሟያ ግራስሆፐር ላይ ጫኚና ራስሽ እዪው።

---

ከሽቱትጋርት፦

ሰላም የአገሬ ልጅ። ማስተርሴን እዚህ ጀርመን ጨርሼ እዚሁ ነው የምሠራው። «ቅርጹን የሠራው ቀርከሃው ራሱ ነው» ያልሽውን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እዚህ ከተማ ያሉ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡለት ነገር ነው።

አርክቴክቱ ፍራይ ኦቶ እዚህ ነበር። ቅርጽን አይስልም ነበር፣ ያገኘው ነበር እንጂ። ሰንሰለት ያንጠለጥላል፣ በራሱ ክብደት ይረግባል፣ ያንን ይለካና ይገለብጠዋል። ተንጠልጥሎ የሚሳበው ሲገለበጥ በመታመቅ ብቻ ይቆማል። የስፔኑ አርክቴክት ጋውዲም ከሱ ቀድሞ በክርና በእርሳስ ከረጢት ይህንኑ አድርጓል። ማንሃይም ከተማ ያለው ሙልቲሃለ የሚባል አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሠራ ጣሪያው 5 በ5 ሳንቲም ከሆነ የእንጨት ዘንግ ነው የተሠራው። ዘንጎቹ መጀመሪያ ጠፍጣፋ መረብ ሆነው ተያያዙ። ከዚያ መረቡ ከሥር ተገፍቶ ተነሣ፣ እየተነሣ ጎበጠ። የዶርዜን ጉንጉን እያሰብሽ ፎቶውን ፈልጊው፣ ዝምድናውን ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ቀርከሃን ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገቢው መስመር ስለሽ አይደለም። ካንጋሩ የሚባል፣ ቁስ ሲታጠፍ የሚሆነውን የሚያስመስል መሣሪያ ራይኖ 6 እና ከዚያ በላይ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ግራስሆፐር ውስጥ። እዚያ ለእያንዳንዱ መስመር ግትርነት ትሰጪዋለሽ። ከሥር ከፍ ያለ፣ ወደ ላይ እየቀነሰ። ሁለቱን ጫፍ ትይዢና ትለቂዋለሽ። መስመሩ ራሱ ይጎብጣል። የኔ ግምት እንቁላልሽ ያን ጊዜ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 6.5 ሚሊ ከሆነ ስስ የኮምፖንሳቶ ስንጥቅ አንድ ፓቪሊዮን ሠርተው ነበር። ስንጥቆቹ ታጥፈው እርስ በርስ እየተወጣጠሩ ነው የቆሙት። መታጠፉ ራሱ ነው ጥንካሬ የሰጣቸው። የዶርዜ አባቶች የሚያውቁትን ነው በሮቦት የቆረጡት።

እዚህ ሮቦቱ ያስደንቃል፣ አልዋሽም። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እኔም ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። ግን መለኪያሽ እሱ እንዲሆን አልፈልግም። ለአንቺ የሚቀርብ ምሳሌ እዚያው አጠገብሽ አለ። ልደታ፣ የአርክቴክቸር ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሱዱ የሚባል የሙከራ ቤት ተሠርቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። የፎቁ ወለል በቀጫጭን የአፈር ንጣፍ የተገነባ ቅስት ነው። ይህ አሠራር ብዙ ካሳፎርማ አይፈልግም፣ አባትሽ ሲያዩት ወዲያው ይገባቸዋል። ያው የዙሪኩ ቡድን ራይኖቮልት የሚባል የቅስት ቅርጽ መፈለጊያ መሣሪያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቬኒስ ላይ 399 የኖራ ድንጋይ ያለ ምንም ማያያዣ ደርድሮ ሰፊ ጣሪያ አቁሟል። ከአዲስ አበባው አፈር እስከ ቬኒሱ ድንጋይ ያለው ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው።

ርዕሱን ያዢው። እኔ ብሆን አንድ ቀን አላመነታም ነበር።

---

ጋሼ ፌሮ፦

ልጄ፣ እኔ የስትራክቸር ሰው ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ። አጭር ነገር ልበልሽ።

ቀርከሃ ሲጎትቱት ጠንካራ ነው። ሲሰነጠቅ ግን በቁመቱ ይከፈታል። ስለዚህ ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሚስማር አትምቺበት። የዶርዜ ሰዎች በማሰርና በመጎንጎን የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለቀርከሃ ስትራክቸር ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፣ አይኤስኦ 22156 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሷል። ለመመረቂያሽ እሱን መሠረት አድርጊ፣ ጁሪው ያከብርሻል።

ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ የሚቆም ጥላ ክብደቱ አያስፈራኝም። ነፋሱ ነው የሚያስፈራኝ። አርባ ምንጭ በሁለት ሐይቅ መካከል ናት። ቀላል ጣሪያ ከላይ ተጭኖ አይወድቅም፣ ከሥር ተነሥቶ ነው የሚሄደው። ሥሩን በደንብ እሰሪው። መሬትም አይንካ፣ ድንጋይ ወይም አርማታ መሠረት ላይ ከፍ አድርጊው። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ይነከር። ምስጥ ገበያ ላይ ቤቱን ዝቅ እያደረገ አይጠብቅሽም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት የምትሠሪው። ሄደሽ ቀርከሃ ግዢ። ስንጥቂው። ርጥቡንም ደረቁንም እስኪሰነጠቅ ድረስ እጠፊው። የተሰነጠቀበትን ራዲየስ ለኪና ጻፊ። ከሃያ በታች አትሥሪ። ኮምፒውተርሽ ያን ቁጥር ካላገኘ የሚነግርሽ ሁሉ ከንቱ ነው።

---

የሲቀላ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቆየሁት የጋሼን የቤት ሥራ ልጨርስ ብዬ ነው።

ቅዳሜ የቀርከሃ ወንበር ወደሚሠሩ ሰዎች ሄድኩ። ስንጥቁን አሳዩኝ፣ ቢላውን እንዴት እንደሚይዙ አስተማሩኝ። 24 ስንጥቅ ይዤ ተመለስኩ፣ 12 ርጥብ፣ 12 ደረቅ። ውፍረታቸው 8 ሚሊ አካባቢ ነው። ወለል ላይ በጠመኔ በየ5 ሳንቲሙ ክብ ሠራሁ። ስንጥቁን በክቡ ላይ እያጠፍኩ ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ ገባሁ። ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ ቀጭን ጠቅ የምትል ድምፅ። ደረቆቹ አብዛኞቹ 35 ሳንቲም ራዲየስ አካባቢ ተሰነጠቁ። ርጥቦቹ እስከ 20ና 25 ድረስ ታገሡ። አንዱ አንጓው ላይ 50 ሳይደርስ ተከፈተ፣ እሱን ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ግራስሆፐር ላይ ከ60 ሳንቲም በታች የሚታጠፍ ነገር ካለ መስመሩ ቀይ እንዲሆን አደረግኩ። ከዚያ ካንጋሩን እንደተባልኩት ሞከርኩ፣ ከሥር ግትር፣ ወደ ላይ ለስላሳ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሦስተኛው ላይ ስለቀው ተነሣ፣ ትከሻ አወጣ፣ ከላይ ጎበጠ። ስክሪኑ ላይ ልጅ ሆኜ ከመኪና መስኮት የማየው ቤት ቆመ። አለቀስኩ፣ ምን ብዬ ልጻፈው።

የባለ ስኬልን ነገርም ይዣለሁ። መጀመሪያ ላይ 96 ስንጥቅ፣ 96 ርዝመት ነበር። አሁን 5 ርዝመት ብቻ ነው። ፀሐዩንም አየሁት። ሰሜን በኩል ያለውን የጣሪያ ከንፈር በአንድ ሜትር ከ20 አስረዘምኩት።

ለአባቴ ሬንደሩን በቴሌግራም ላክሁለት። «ቆንጆ ነው፣ ግን በዚህ ምን ልሥራ?» አለኝ። ሥዕል እንደማይፈልግ ነገረኝ። «አንድ ችካል እተክላለሁ። ከችካሉ ስንት ሜትር፣ ከመሬት ስንት ከፍታ፣ ይህን ብቻ ጻፊልኝ።» እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ግራስሆፐር ሁሉንም ነጥብ በዝርዝር አወጣልኝ፦ ተራ ቁጥር፣ ከችካሉ ርቀት፣ ከፍታ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ግቢያችን ውስጥ የሩቡን ያህል ሊያቆመው ከጨንቻ ቀርከሃ አስመጥቷል።

ርዕሱን ትናንት አስገባሁ። ዛሬ ጠዋት አባቴ ደወለ። ዝርዝሩን ከፊቱ አድርጎ ነው። «ቀርከሃው ርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እስሩም ይላላል። ቁጥሩ ላይ አስበሽበታል?» አለኝ። አላሰብኩበትም። ጋሼ፣ ምን ያህል ልተውለት?